በሹፌሩ በኩል ያለው ታፖ

የቢሌ መኪና ትናገራለች። ቁልፉ በዞረ ቁጥር ከመሪው አካባቢ አንዲት ሴት በለስላሳ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር በጃፓንኛ ትልና ዝም ትላለች። ምን እንደምትል በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የቢሌ እናት ኢስተሂል ግን ድምፁን በሰማች ቁጥር «ኣሚን» ትላለች።

«ሆዮ፣ ስድብ ቢሆንስ?» ይላታል ቢሌ። ጅጅጋ ውስጥ ልጅ እናቱን የሚጠራው ሆዮ እያለ ነው።

«በዚህ ድምፅ የሚሳደብ ሰው የለም» ትለዋለች።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ሰይፈ ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠግቶ አስተረጎመው። ሰይፈ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ሰፈሩ ውስጥ ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። ስልኩም «ካርዱ አልገባም» ብሎ ተናገረ። ለካ ጃፓን አገር መኪና ውስጥ የሚገባ የመንገድ መክፈያ ካርድ አለ፤ ሴትዮዋ ያንን ካርድ ስትጠይቅ ነው ስንት ዓመት የኖረችው። ኢስተሂል ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሐርተሼክ መጠለያም እንዲሁ ነበር የሚሉን! ‘ካርድሽ የታለ?’ ሳይሉ አንድ ጣሳ ዱቄት አይሰፍሩልንም። ምስኪን፣ እሷም ስደተኛ ናት ማለት ነው።» ከዚያ በኋላም ኣሚኗን አልተወችም፤ እንዲያውም ዘለግ አድርጋ ማለት ጀመረች።

ቢሌ የተወለደው እዚያው ሐርተሼክ፣ በሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። እናቱ ከሐርጌሳ በጦርነት ስትሸሽ እሱን በሆዷ ይዛ ነበር። አባቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ልጁን ሳያይ ሞተ። ጦርነቱ አልቆ ብዙው ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ኢስተሂል ድስቶቿንና ገና ነፍስ ያላወቀ ልጇን በወንድሟ የጭነት መኪና ጭና ጅጅጋ ገባች፤ እንደገባች ቀረች። ቢሌ አድጎ የአማርኛ መምህር ሆነ። አፉን በሶማሊኛ የፈታ ሰው ተረትና ምሳሌ ሲያስተምር መስማት ደስ ይላል፤ እያንዳንዱን አባባል ዛሬ ከገበያ እንደገዛው ዕቃ እያገላበጠ ያየዋል። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ሕልመኛ ነው። ጠመኔውን እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ ካዞረ ተማሪዎቹ ምሳቸውን በልተው ይጨርሳሉ። መንገድ ላይ ፍየሎች እስኪያልፉ ይቆምና፣ ፍየሎቹ ካለፉ በኋላም ቆሞ ይቀራል።

ከሕልሞቹ ሁሉ የሚመላለስበት አንድ ነው። የተወለደባትን ቦታ ማየት ይፈልጋል። ከተማውን አይደለም፤ ሐርተሼክንማ ስንቴ አልፎበታል። የሚፈልገው ያቺ ድንኳን የቆመችባትን መሬት ነው። ሸራው ተነሥቷል፣ ችካሉ ተነቅሏል፣ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ዱካ በነፋስ ጠፍቷል። ጎረቤቶቻቸው የት እንደደረሱ አይታወቅም። ቦታዋ ያለችው በኢስተሂል ዓይን ውስጥ ብቻ ነው። «ባየው አልስተውም፤ አንድ ቀን አሳይሃለሁ» ትለው ነበር፤ ይህን ስትለው ሠላሳ ዓመት ሆናት። ሥራ አለ፣ ድርቅ አለ፣ ነገ አለ።

ታዲያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢስተሂል ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰስ ጀመረች። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። መድኃኒቱ ያለውን ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም፤ የቀረውም ብዙ አይደለም። ብርሃኗ ጠዋት ጠዋት ይሻላታል፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ሁሉም ነገር ጉም ይለብስባታል። በሚያዝያ ደግሞ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ዝናብ፣ ሶማሌዎች ጉ የሚሉት፣ ከስንት የድርቅ ዓመት በኋላ ወረደ። «አሁን ሐርተሼክ ለምልሟል» አለች ኢስተሂል። «ሣሩ ሳይደርቅ፣ እኔም ሳልደርቅ ውሰደኝ።»

ቢሌ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘ። ሚኒባስ የሚያደርሰው ከተማው ድረስ ነው፤ ሜዳውን ወዲያ ወዲህ እያሉ መፈለግ አለ፣ የእናቱ ጉልበት ደግሞ መራመድ አቁሟል። ስለዚህ መኪናዋ ታስፈልጋለች። ዓርብ ማለዳ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ዘይቷን ሊቀይርላት ተነሣ።

ዘይት መቀየር ያስተማረው አጎቱ ዐብዲዐዚዝ ነው፤ ያ እነሱን ከሐርተሼክ ያመጣቸው ሹፌር፣ አላህ ይዘንለት። የሞተር ዘይት ለሌላ ሰው እጅ አይሰጥም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ቢሌ ይህችን ትንሽ ቪትስ በገዛ ጊዜ አጎቱ ከሥሯ አስተኝቶ እንዲህ አለው፦ «ሁለት ታፖ ታያለህ። ዘይቱ የሚወርድበትን ቀዳዳ የሚዘጉ ብሎኖች ናቸው። ሹፌሩ እግሩን በሚያሳርፍበት በኩል ያለው የሞተሩ ነው። ያኛው የካምቢዮው ነው፤ እንዳትነካው!» ቢሌ ይህን ሕግ እንደ ፀሎት ያዘው፤ ዓመታትም አንድ ቀን ሳይስት ሠራበት።

መኪናዋ ግን ያኔ ቀኝ መሪ ነበረች። በድንበር ከተማዋ በውጫሌ በኩል የሚገቡት እንዲያ ናቸው፤ ጅጅጋ ውስጥ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ከጅጅጋ ራቅ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ጣጣቸው ብዙ ነው። ባለፈው ክረምት ቢሌ ድሬዳዋ ወስዶ መሪዋን ወደ ግራ አስዞረው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የተገለበጠችበት ይመስለዋል። በእንቅልፉ የሚነዳው አሁንም በቀኝ ነው። ኢስተሂልማ ብሶባታል። የለመደችውን የግራ በር ከፍታ ትገባና፣ መሪውን ፊት ለፊቷ አድርጋ «እንሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ትለዋለች። መሪው ከዞረ በኋላ ቢሌ በገዛ እጁ ዘይት ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ግቢው ጥላ ነበረው። ቢሌ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ተንሸራተተ፤ ሹፌሩ እግሩን በሚያሳርፍበት በኩል ያለውን ታፖ በእጁ ፈልጎ አገኘና መፍቻውን አስገባ። ታፖው ከወትሮው ጠንከር አለበት። ፈታው፤ ዘይቱ አሮጌው ሳፋ ላይ መውረድ ጀመረ። ድምፁ የግመል ወተት ወደ ዕቃው ሲታለብ እንደሚሰማው ነበር፤ መጀመሪያ ወፍራም፣ ቀጥሎ ቀጭን፣ ከዚያ ጠብ ጠብ። ቢሌ ዓይኑን ጨፈነ። ነገ የሚያየው ሁሉ መጣለት፤ ሸራው በነፋስ ሲንቀሳቀስ፣ እናቱ ወጣት ሆና፣ እሱ ራሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሰው ሲመኝ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዘይት የሚቀይር ሰው ግን ባይጨፍን ይሻለዋል። ጠብታው ሲቆም ታፖውን አጥብቆ ወጣ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አዲሱን ዘይት አንቆረቆረበት። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስቦ እንኳ አላየም፤ ልኩን በቃሉ ያውቀዋላ።

ለነገ ፊቷን ወደ መንገዱ ሊያዞራት ቁልፉን አዞረ። ሴትዮዋ ስለ ካርዷ ተናገረች፤ ኢስተሂል ጥላው ሥር ሆና «ኣሚን» አለች። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። መኪናዋ እየተጎተተች እስከ ግቢው በር ሄደችና፣ ግማሿ ውስጥ ግማሿ ውጭ ሆና ቆመች። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጎማዋ ንቅንቅ አላለም። ከሥር የሚያላዝን ድምፅ መጣ፤ በኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው። ቢሌ አጠፋት።

ሚስቱ ሀምዲ የልብስ ስፌት መኪናዋን ትታ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። ወደ ጭሱ አላየችም፤ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለች።

«ቢሌ፣ ከሞተር የሚወጣ ዘይት ጥቁር አይደለም እንዴ?»

«ጥቁር ነው።»

«ይሄ እኮ ቀይ ነው።»

ቢሌ ሳፋውን አየ። ቀጥሎ መሪውን አየ። ከዚያ አጎቱን፣ ካርቶኑ ላይ ጋደም ብሎ ጣቱን ሲቀስር አየው። ክው አለ። መሪው ነው እንጂ የዞረው፣ ሞተሩ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ሕጉ ልክ ነበር፤ የተዛወረው ሹፌሩ ነው። የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ፣ አሮጌው ዘይት ሙሉውን ባለበት ሞተር ላይ አዲሱን ደርቦበታል።

ሰይፈ ጭሱን አይቶ መጣ። በሩ በመኪናዋ ተዘግቶ ነበርና፣ ውጭ ባለው የኋላ በር ገብቶ፣ ወንበሩን ተሻግሮ፣ በፊተኛው በር ግቢው ውስጥ ወጣ። «እንደምን አደሩ ኤዶ» አለ፤ ኢስተሂልን እንደ አክስት ኤዶ እያለ ነው የሚጠራት። ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልተዋጠለትም።

«ሰኞ ለስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የጻፍከው ተረት ምን ነበር?»

«ሰይፈ፣ ተወኝ።»

«‘የቸኮለች አፍሳ ለቀመች’ ነው እኮ ያልከው!»

ቢሌም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «የካምቢዮውን ጥርሶች በልቶት ከሆነስ? በዚያ ላይ ጎትቻታለሁ።»

«እንዲህ አጭር ሄዳ ምን ትሆናለች» አለ ሰይፈ፤ እንዳላረጋገጠ ግን ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ሦስቱ ሆነው ገፍተው ወደ ግቢው መለሷት። ኢስተሂል ለነገ ያዘጋጀቻትን ትንሽ ጥቅል አንሥታ ወደ ቤት ገባች። «ነገ ካልሆነ ሌላ ቀን ነው» አለች። የበሩን መቃን በእጇ እየዳሰሰች ስትገባ ቢሌ አያት።

ካምቢዮ ውስጥ የተገኘው ዘይት ሁሉ አይደረግም፤ የራሱ ዓይነት አለው። ዓይነቱ ራሱ የካምቢዮው መለኪያ ዘንግ ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ጅጅጋ ውስጥ ግን ያኔ ጠፍቶ ነበር። ቢሌ ደግሞ አንዴ ተሳስቷልና «ይሄም ያው ነው» የሚለውን ሱቅ ሁሉ እየጠረጠረ ወጣ። ከውጫሌ እንዲመጣለት ላከ። መጠበቅ ሆነ። ያን ሰሞን ፀሐይዋ በረታች፤ ከሐርተሼክ የሚመጡ ሰዎች ሣሩ እየቀላ ነው ይሉ ጀመር። ኢስተሂል ጠዋት ጠዋት ግቢው መሐል ትቆምና መዳፏን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ጣቶቿን ትመለከታለች። ዓይኗን የምትፈትንበት መንገድ ነው። ቢሌ በመስኮት ያያታል፤ እንደምታይ ሲያውቅ ነፍሱ ትመለሳለች። አንድ ጠዋት ወጥታ ቆመች፤ እጇን ግን አላነሣችም። ጥቂት ቆይታ ገባች። ቢሌ ጥርሷን ልትፍቅ ወጥታ ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለ።

ዘይቱ የመጣ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ ሥራ ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ቢሌ ዓይኑን አልጨፈነም። ከሥር ገብቶ፣ ጮክ ብሎ «ይሄ የሞተሩ ነው» አለ፤ ሰይፈ ከላይ ጎንበስ ብሎ አየና «ነው» አለ፤ ሀምዲም ጎንበስ ብላ አየችና «ነው» አለች። ታፖው ሲፈታ ዘይቱ ሳፋውን ሞልቶ ሌላ ዕቃ እስኪጠየቅ ድረስ ወረደ። አዲሱን በልኩ ሞሉ፤ መለኪያውን ሦስቱም እየተቀባበሉ አዩት። ቀጥሎ የካምቢዮው ተራ ሆነ። ቀዩ ዘይት የሚገባው መለኪያው በሚሰካበት ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሀምዲ ፈነሉን ያዘች፣ ቢሌ በትንሽ በትንሹ አንቆረቆረ። የከሰዓቱ ብርሃን በዘይቱ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ እንደ ሮማን ጭማቂ ያበራ ነበር። ቢሌ ያን ሰዓት ደስ የሚል ፍርሃት ፈራ፤ አጎቱ በሆነ በኩል ተቀምጦ የሚያየው መሰለው።

ሞተሩን አስነሣ። ሴትዮዋ ካርዷን ጠየቀች። ከቤት ውስጥ «ኣሚን» የሚል መጣ። ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና ቆየ፤ ወደ ፊት አስገባና ቆየ፤ ዘይቱ ወደየጉድጓዱ እስኪደርስ በየማርሹ እያሳረፈ ሄደ። ከዚያ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። መኪናዋ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው አንዴ ተንጠራራችና፣ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ፊት ተንሳፈፈች። ሰይፈ አጨበጨበ። ቢሌ ግቢው ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሄደ፤ ሀምዲ «ዶሮዎቹን ጨረስካቸው!» እስክትለው ድረስ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተነሡ። ኢስተሂል በቀኝ በኩል፣ አዲሱ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ዕለት በሩን አልተሳሳተችም፣ ሀምዲ እጇን ይዛ አስገባቻትና እዚያው በር ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። ቀብሪበያህን አልፈው ሜዳው ተከፈተ። ሰው እየቀላ ነው ያለው ሣር አልቀላም ነበር። ከመስታወቱ ጥግ እስከ ጥግ ሌላ ቀለም የለም፤ ግመሎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰጥመውበታል፣ ሰማዩ እንኳ ከሥሩ የለመለመ ይመስላል። ቢሌ ሕልም ውስጥ የሚነዳ መሰለው፤ የቱ እጁ ቀኝ የቱ ግራ እንደሆነ ጠፋው።

«አረንጓዴ ሆኗል?» አለች ኢስተሂል።

ቢሌ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆማት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሆዮ?»

«በዚህ ሳምንት ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ጉዞውን ትተወው ነበር።»

ቢሌ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። «ባለፈው ቅዳሜ መጥተን ቢሆን ታዪው ነበር። እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በአንዲት ብሎን...» ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ነገር ሳፋ ውስጥ አፍስሶ የመጣ ሰው ሆኖ ተሰማው። ኢስተሂል እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ እጇ በአየሩ ውስጥ ፈልጎ ጭንቅላቱን አገኘ።

«ሐርተሼክ የመጣሁት ላለቅስ አይደለም፤ ያኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከተማውን ስታልፍ በስተግራ ሁለት ጉብታ አለ? አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ እንደ ተኛ ግመል?»

ቢሌ ዓይኑን ጠራርጎ ነዳ። «አለ» አለ ቆይቶ።

«ከድንኳኔ በር ሆኜ ሳይ አንድ ነበሩ። ረጅሙ አጭሩን ይሸፍነዋል። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ንገረኝ።»

ከመንገዱ ወጥተው ሜዳው ላይ ወረዱ። መኪናዋ በሣሩ ላይ ቀስ እያለች፣ አንዴ እንኳ ሳትነጥር፣ በራሷ ፍላጎት የምትሄድ ይመስል ተንሸራተተች። ሁለቱ ጉብታዎች እየተቀራረቡ መጡ። ተኝታ ያለችው ግመል አንገቷን፣ ከዚያ ሻኛዋን ከረጅሙ ኋላ አስገባች፤ በመጨረሻም ጠፋች።

«አንድ ሆኑ!»

«አሁን ኩሬ ይታይሃል፤ ወደ እሱ ዙር፤ እንደዚያው አንድ አድርገህ ያዛቸው። ሞተሩን እያጠፋህ አስደምጠኝ።»

ሄዱ፤ አጠፋ፤ ኢስተሂል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች፤ «ገና ነው» አለች። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና አጠፋ። በእያንዳንዱ መነሣት ሴትዮዋ ካርዷን ትጠይቃለች፣ ኢስተሂልም ኣሚን ትላለች። አንድ ቦታ ሲደርሱ ነፋሱ ከኩሬው በኩል ውሃ የሚቀዱ ሴቶችን ድምፅ ይዞ መጣ፤ ቃሉ አይለይም፣ ሳቁ ግን ይለያል። ኢስተሂል እጇን አነሣች።

«እዚህ ነው። ስወልድህ ይህን ነበር የምሰማው። እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። እንዴት እንደረገምኳቸው!»

አወረዳት። ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደማታየው ጉብታ አድርጋ። ቢሌ መሬቱን በመዳፉ ነካ፤ እርጥብ ነበር። ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ሣር፣ ጥቁር አፈር፣ አንዲት ጥንዚዛ። እሱ ግን ከዚህ ሜዳ ላይ ተነሥቶ ዓለምን ቢዞር፣ በስተርጅና እንኳ ተመልሶ ይህችን ቦታ እንደማይስታት አወቀ።

«ሆዮ» አለ፣ «አንቺ ግን አላየሽውም።»

«እኔማ አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ባለፈው ቅዳሜ መጥተን ቢሆን እኔ አይቼ እጠቁምሃለሁ፣ አንተ መኪናህን ነድተህ ትመለሳለህ። በእኔ ዓይን አይተህ ትረሳው ነበር።» ሣሩን በጣቶቿ ደባበሰች። «አሁን ቦታው አንተ ጋ ነው ያለው። እኔ ላርፍ።»

ሊመለሱ መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ኢስተሂልን ወንበሯን በወጉ ሳትደገፍ እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ መዳፏ ውስጥ የሣር ቅጠል አለ። ቢሌ እንዳትነቃ ቁልፉን በዝግታ አዞረ። ሴትዮዋ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ካርዷን ጠየቀች። ቢሌ ወደ እናቱ ዞሮ ጠበቀ፤ መልስ አልመጣም።

«ኣሚን» አለ ራሱ፣ ማርሹንም አስገባ።